የሆርሞን ምርመራ ወረቀትሽን ከመደንገጥሽ በፊት፦ ከቀን 1 እስከ ሐኪሙ ጠረጴዛ

ልጅ ፈልገሽ የሆርሞን ምርመራ ታዘዘልሽ እንበል። ደም ሰጠሽ፤ ወረቀቱ መጣ። ባሕር ዳር ውስጥ እኔ የማውቃቸው ሴቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ደሙ ባልሆነ ቀን ይቀዳል። ቁጥሩ ያለ መለኪያው ይነበባል። ከዚያ አንዲት ቁጥር «አትወልጂም» ተብላ ትተረጎማለች፤ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል።

እኔም ተሳስቻለሁ። የኤኤምኤች (ኦቫሪ ውስጥ የቀረውን የእንቁላል ክምችት የሚጠቁም ሆርሞን) ውጤቴን በስልክ «9.2 ነው» አሉኝ። የጓደኛዬ 2.1 ነበር። ከእሷ አራት እጥፍ አለኝ ብዬ ተረጋግቼ ስድስት ወር ተቀመጥኩ። ለካ የእሷ በናኖግራም፣ የእኔ በፒኮሞል ነበር የተጻፈው። ወደ እሷ መለኪያ ሲቀየር የእኔ 1.3 ገደማ ነው። ያኔ 36 ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ስድስት ወር ብዙ ነው። ሌላ ሴት ያን ጊዜ እንዳታጣ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

## ከመጀመርሽ በፊት

ዕድሜሽ ከ35 በታች ከሆነ፣ ያለ መከላከያ 12 ወር ሞክራችሁ ካልተሳካ ሐኪም ጋ ሂጂ። 35 ከሞላሽ 6 ወር ይበቃል። 40 ካለፍሽ አትጠብቂ። ፔሬድሽ የሚጠፋ ወይም በጣም የሚዘበራረቅ ከሆነ፣ ኦቫሪሽ ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልሽ፣ የካንሰር ሕክምና ከወሰድሽ፣ ወይም እናትሽ አለዚያም እህትሽ ከ40 ዓመት በፊት ካረጡ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቶሎ ሂጂ።

ባለቤትሽም በዚያው ሳምንት ይመርመር። ይህን ወደ መጨረሻ አታቆዪው። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ አለበት። የእሱ ምርመራ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ የዘር ፈሳሽ ይሰጣል። ቤት ከሰጠ ናሙናው ሳይቀዘቅዝ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ሴቷ ደጋግማ ደም ሰጥታ፣ አልትራሳውንድ ታይታ፣ መድኃኒት ጀምራ፣ ባል አንድ ጊዜም ያልተመረመረበት ቤት አይቻለሁ። አማትም ጎረቤትም የሚያዩት እሷን ብቻ ነው። ይህ በደል ነው።

አንድ ትንሽ ደብተር ግዢ። ዕድሜሽን፣ ያለፉትን ሦስት የወር አበባ ቀኖች፣ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የመጨረሻውን የወሊድ መከላከያና ያቆምሽበትን ቀን ጻፊበት። ፎሊክ አሲድ ካልጀመርሽም ዛሬ ጀምሪ፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከመፀነስ በፊት።

## ደረጃ 1፦ ቀን 1ን በትክክል ያዢ

ሁሉም ነገር የሚቆጠረው ከዚህ ነው። ቀን 1 ማለት ደሙ በደንብ መፍሰስ የጀመረበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ጠብ ያለው ቡናማ ነገር አይቆጠርም። ማታ ዘግይቶ ከጀመረሽ ማግስቱን ቀን 1 በይ።

በእኛ አቆጣጠር መቁጠር ቀላል ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ነው። ጥቅምት 12 ቀን ከጀመረሽ ቀን 3 ጥቅምት 14 ነው። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ ቀጣዩ ኅዳር 10 ይመጣል። የምታስቸግረው ጳጉሜን ናት። ነሐሴ 20 መጥቶብሽ መስከረም 13 ከተመለሰ ዑደትሽ 28 ቀን ነው። ጳጉሜን ከረሳሽ 23 ትያለሽ፤ ሐኪሙም «ዑደቷ አጥሯል» ብሎ ሌላ መንገድ ይይዛል።

ላብራቶሪው ወረቀት ላይ የሚታተመው ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ቀን ነው። ስለዚህ ደብተርሽ ላይ ሁለቱንም ጻፊ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ወረቀቱ ላይ 9:30 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፔሬድሽ ዘግይቶ ከሆነ፣ ወይም ከወትሮው በጣም ያነሰ ደም ከመጣ፣ ከሆርሞኑ በፊት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። እርግዝና ካለና በአንድ ጎን የሚያጣድፍ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

## ደረጃ 2፦ ውጤት የሚያዛባውን አርቂ

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል።

የሦስት ወር መርፌ። እኛ ጋ ብዙ ሴት የምትጠቀመው እሱን ነው። መርፌው የሚከላከለው ሦስት ወር ነው፤ የመፀነስ አቅም ግን ቶሎ አይመለስም። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። መርፌውን ካቆምሽ አምስት ወር ሆኖሽ ፔሬድ ካልመጣ ኦቫሪሽ አለቀ ማለት አይደለም። ለሐኪሙ መርፌውን የወሰድሽበትን ቀን ሳትናገሪ የተሠራ ምርመራ ግን ያሳስታል።

ኪኒን። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ላይ ሆነሽ የሚሠራ ኤፍኤስኤች (አንጎል ኦቫሪን የሚቀሰቅስበት ሆርሞን) ምንም አይነግርሽም። ኤኤምኤችንም ዝቅ ያደርገዋል። ካቆምሽ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ወር ቆይተሽ አሠሪ።

ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጡ ቫይታሚኖች። ብዙዎቹ ውስጥ ባዮቲን አለ። ባዮቲን ሰውነትሽን ሳይሆን የምርመራ ማሽኑን ነው የሚያታልለው። ቲኤስኤችን (የታይሮይድ ምርመራ ነው) ያለአግባብ ዝቅ፣ ፕሮጄስትሮንን (እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚጨምረውን ሆርሞን) ያለአግባብ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከምርመራው 3 ቀን በፊት አቁሚው።

ጡት ማጥባትና አንዳንድ መድኃኒቶች። ጡት የምታጠቢ ከሆነ ወተት እንዲመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ ከፍ ማለቱ ተፈጥሮ ነው። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶንም ከፍ ያደርጉታል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ግን በራስሽ ፈጽሞ አታቁሚ። ተናገሪ፤ ሐኪሙ ይወስን።

ጾም ላይ ከሆንሽ አትጨነቂ። ለእነዚህ ሆርሞኖች ጾም መፍታት አያስፈልግም። ስኳር አብሮ ከታዘዘ እንዲያውም ባዶ ሆድ ይመረጣል። ጸበል የምትጠጪ ከሆነም ጠጪ። የታዘዘልሽን መድኃኒት ግን ለጸበል ብለሽ አታቋርጪ።

## ደረጃ 3፦ የትኛው በየትኛው ቀን?

ትዕዛዙን ስትቀበዪ እያንዳንዱ ምርመራ አጠገብ ቀኑን ጻፊ። «ሁሉንም ዛሬ ስጪ» ከተባልሽ አቁሚና ጠይቂ።

1. ኤፍኤስኤች፣ ኤልኤች (እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርገው የአንጎል ሆርሞን) እና ኢስትራዲዮል (ኦቫሪ የሚያመነጨው ሆርሞን) ከቀን 2 እስከ ቀን 4 ባለው ጊዜ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን ይቀዱ።
2. ኤኤምኤች በየትኛውም ቀን ይሆናል። ለብቻው መመላለስ እንዳይሆንብሽ ከላይኞቹ ጋር አድርጊው።
3. ቲኤስኤችና ፕሮላክቲንም ቀን አይመርጡም። ፕሮላክቲን ግን ሰዓት ይመርጣል።
4. ፕሮጄስትሮን ከሚቀጥለው ፔሬድ 7 ቀን ቀደም ብሎ ይቀዳል።

አራተኛው ላይ ላቁምሽ። ሁሉም ሰው «ቀን 21» ይላል። ቀን 21 የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። የአንቺ 35 ቀን ከሆነ እንቁላሉ የሚወጣው ራሱ ቀን 21 አካባቢ ነው። ያን ቀን ብትቀጂ ፕሮጄስትሮን ዝቅ ይላል፤ «እንቁላል አልወጣም» ትባያለሽ፤ ውሸት ነው። ጥቅምት 12 የጀመራት ባለ 35 ቀን ሴት ቀጣዩ የሚመጣባት ኅዳር 17 ነው። ስለዚህ ኅዳር 10 ትቀዳ። ዑደትሽ የማይጨበጥ ከሆነ በየሳምንቱ ማስደገም ሊያስፈልግ ይችላል።

ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ የምትመጪ ከሆነ ቀን 3ን አትጠብቂ። በቀን 1 ደውለሽ ላብራቶሪው ክፍት መሆኑን አረጋግጪና በቀን 2 ተነሺ። እሑድ ወይም እንደ ጥምቀት ያለ በዓል መሀል ቢገባም አንድ ቀን ይተርፍሻል።

## ደረጃ 4፦ ላብራቶሪው ላይ

ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ይህ ምርመራ እዚሁ ነው የሚሠራው ወይስ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ይላካል? ከተላከ ውጤቱ መቼ ይመለሳል? ኤኤምኤች በየትኛው መለኪያ ነው የሚጻፈው? ደሙን የምትቀዳሽን ሲስተር «ዛሬ ቀን 3 ነኝ፤ ወረቀቱ ላይ ይጻፍልኝ» በያት። ይህች አንድ መስመር በኋላ ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

ለፕሮላክቲን ከነቃሽ ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ማለትም ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ተቀጂ። ሌሊቱን ግንኙነት አይኑር፤ ጡትም አይነካካ። ከባጃጅ ወርደሽ ሮጠሽ ገብተሽ ወዲያው ክንድሽን አትዘርጊ። 20 ደቂቃ ቁጭ በይ።

ሁልጊዜ አንድ ላብራቶሪ ተጠቀሚ። ማሽን በተለያየ ቁጥር ቁጥሩም ይለያያል።

## ደረጃ 5፦ ወረቀቱን አንብቢ

ውጤቱን ተቀብለሽ ጣና ዳር ብቻሽን ተቀምጠሽ አትክፈቺው። ከባለቤትሽ ወይም ከእህትሽ ጋር ሁኚ። በስልክ ከነገሩሽም ቁጥሩን ብቻ አትቀበዪ፤ የወረቀቱን ፎቶ አስልኪ።

መጀመሪያ መለኪያውን። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን አምድ እዪ። ኤኤምኤች በፒኮሞል በሊትር ከተጻፈ ለ7.14 አካፍዪው፤ ናኖግራም በሚሊሊትር ይሆናል። ኢስትራዲዮልን ከፒኮሞል ወደ ፒኮግራም ለመቀየር ለ3.67 አካፍዪ። ፕሮጄስትሮን በናኖሞል ከሆነ ለ3.18። ከዚህ በታች ያሉት የኤኤምኤች፣ የፕሮጄስትሮንና የፕሮላክቲን ቁጥሮች በናኖግራም፣ የኢስትራዲዮል በፒኮግራም ናቸው፤ ኤፍኤስኤችና ቲኤስኤች ግን በዓለም አቀፍ ዩኒት ነው የሚጻፉት።

ቀጥሎ የማነጻጸሪያውን መስመር። ለኤፍኤስኤችና ለመሰሎቹ ወረቀቱ አራት መስመር ሊያወጣ ይችላል፦ የዑደት መጀመሪያ፣ እንቁላል የሚወጣበት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ያለው፣ ያረጡ ሴቶች። አንቺ በቀን 3 ከተቀዳሽ የምታዪው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከቁጥሩ ጎን «ኤች» (ከፍ ያለ) ወይም «ኤል» (ዝቅ ያለ) የሚል ፊደል ስላየሽ ብቻ አትደንግጪ፤ ማሽኑ ቀንሽን አያውቅም።

### ኤኤምኤች

ኤኤምኤች የሚመነጨው ኦቫሪ ውስጥ ካሉ ትናንሽ ፎሊክሎች ነው። ፎሊክል እንቁላሏን የያዘች ከረጢት ናት። ትናንሾቹ ብዙ ከሆኑ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ካነሱ ዝቅ ይላል። በቃ፣ የሚለካው ይህን ነው።

በጎተራ አስቢው። ኤኤምኤች ጎተራው ውስጥ ስንት ቁና እንደቀረ ይናገራል። ዘሩ ይበቅላል ወይ የሚለውን አይናገርም። ያን በዋናነት የሚወስነው ዕድሜሽ ነው። በየወሩ ደግሞ የምትዘሪው አንዲት ፍሬ ናት። የ28 ዓመት ሴት ኤኤምኤችዋ 0.9 ቢሆን እንቁላሎቿ ያነሱ ናቸው፤ ግን የ28 ዓመት እንቁላሎች ናቸው። የ42 ዓመት ሴት 3 ቢኖራት ብዙ አላት፤ ግን የ42 ዓመት ናቸው።

በፈረንጆቹ 2017 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆኑ፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸው 750 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ኤኤምኤች ዝቅ ያለባቸው ሴቶች በተፈጥሮ የመፀነስ ዕድላቸው ከሌሎቹ አላነሰም። ይህን የምነግርሽ ችላ እንድትይ አይደለም። ልጅ ከዘገየብሽ ዝቅ ያለ ቁጥር «ጊዜ አታባክኚ» ይልሻል። «አትወልጂም» ግን አይልም። በላብራቶሪ ማዳቀል ከታሰበ ደግሞ መድኃኒት ሲሰጥሽ ስንት እንቁላል ሊገኝ እንደሚችል ለመገመት በጣም ይጠቅማል።

ለግምት ያህል፦ ከ1 በታች ዝቅተኛ ነው። በ40 ዓመት ግን 1 አካባቢ መሆን የሚጠበቅ ነው። ከ4 ወይም ከ5 በላይ ከሆነ ደስ ብሎሽ አትለፊው። ፔሬድሽ የሚዘገይ፣ ፊትሽ ላይ ፀጉር ወይም ብጉር የሚበዛ ከሆነ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ እንቁላል ሞልቶ ሳለ በየወሩ አለመውጣቱ ነው ችግሩ። ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ይረዳል።

### ኤፍኤስኤችና ኢስትራዲዮል፦ ለያይተሽ አታንብቢ

ኤፍኤስኤች አንጎል ኦቫሪን የሚጠራበት ድምፅ ነው። ኦቫሪ ቶሎ «አቤት» ካለ አንጎል ቀስ ብሎ ይጠራል። ኦቫሪ ከዘገየ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በቀን 3 ከ10 በታች ከሆነ ደህና ነው ይባላል። ከዚያ በላይ ሲወጣ ክምችቱ እያነሰ መሆኑን ይጠቁማል።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ኤፍኤስኤች 6 ሆኖ ኢስትራዲዮል 95 ከሆነ 6ቷን አትመኛት። በዑደት መጀመሪያ ላይ ከ80 በላይ የሆነ ኢስትራዲዮል ኤፍኤስኤችን ስለሚጫነው እውነተኛው ቁጥር ተደብቋል። ኢስትራዲዮል ሳይሠራ «ኤፍኤስኤችሽ ጥሩ ነው» ካሉሽ ሥራው ግማሽ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ባለፈው ወር 14፣ በዚህ ወር 8 ቢሆን «ተሻለኝ» አትበዪ። ከፍ ብሎ የታየው ነው የሚያመለክተው። ከ40 ዓመት በታች ሆነሽ ፔሬድሽ ለአራት ወር ጠፍቶ ኤፍኤስኤች ከ25 በላይ ከሆነ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ይደገምና በፍጥነት የማህፀን ሐኪም ይይሽ። ይህ ለልጅ ብቻ ሳይሆን ለአጥንትሽና ለልብሽም ሕክምና ይፈልጋል።

### የቀሩት ባጭሩ

ፕሮጄስትሮን ከ3 በላይ ከሆነ በዚያ ወር እንቁላል ወጥቷል። ፕሮላክቲን ከ25 ትንሽ ካለፈ መጀመሪያ በደንብ አርፈሽ አስደግሚ፤ በጣም ከፍ ካለና ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለሽ ግን ለነገ አትበዪ። ቲኤስኤች ብዙ ጊዜ ከ0.4 እስከ 4 ነው። እንቅርት በአካባቢያችን የታወቀ ነው፤ አንገትሽ ላይ እብጠት ካለ ቲኤስኤችን አትዝለዪ። ከፍ ያለ ቲኤስኤች ፕሮላክቲንንም አብሮ ያነሣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ታይሮይዱ ይታከም።

## ደረጃ 6፦ አልትራሳውንድ

ከቀን 2 እስከ ቀን 5 በብልት በኩል የሚታየው አልትራሳውንድ በሁለቱም ኦቫሪ ላይ ያሉትን ከ2 እስከ 10 ሚሊሜትር የሆኑ ፎሊክሎች ይቆጥራል። በሆድ በኩል ያን ያህል ጥርት ብለው አይታዩም። ፔሬድ ላይ መሆንሽ አያሳፍርም፤ ቀኑ ያ ነው። የሁለቱ ድምር ከ5 ወይም ከ7 በታች ከሆነ ዝቅ ያለ ይባላል። ወረቀቱ ላይ «ኦቫሪ ኖርማል» ብቻ ከተጻፈ «በእያንዳንዱ ስንት ፎሊክል ተቆጠረ?» ብለሽ አስጽፊ። ኤኤምኤችና ይህ ቁጥር ከተስማሙ ልታምኛቸው ትችያለሽ። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካለ አንዱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላልና ይደገም።

## የሆነ ነገር ሲበላሽ

ቀን 4 አለፈብሽ። ኤፍኤስኤችን ለቀጣዩ ወር ተዪው። ኤኤምኤች፣ ቲኤስኤችና ፕሮላክቲን ዛሬም ይሠራሉ።

ፔሬድ ጨርሶ አይመጣም። እርግዝና አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ በየትኛውም ቀን ይቀዳ፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ፔሬድ የለም» ተብሎ ይጻፍ። ሐኪሙ ፔሬድ የሚያመጣ መድኃኒት ሊሰጥሽም ይችላል።

ሁለት ላብራቶሪ ሁለት ቁጥር ሰጠሽ። መለኪያውን አስተካክዪ፤ ቀኑን አነጻጽሪ። አሁንም ከተራራቁ በአንዱ ብቻ አስደግሚ።

አንድ ሰው «ኤኤምኤች የሚጨምር» ዱቄት ወይም ኪኒን ሊሸጥልሽ መጣ። አትግዢ። ያለቀን እንቁላል የሚመልስ ነገር የለም። እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳውን ክሎሚድንም ጓደኛሽ ስለወለደችበት ብቻ ከፋርማሲ አትውሰጂ። ባልሽ ሳይመረመር፣ ቱቦሽ ሳይታይ ወራት ይበላብሻል።

ሁሉም ሆርሞን ደህና ሆኖ ልጅ የለም። የደም ምርመራ የማህፀን ቱቦን አያሳይም። ቱቦው ክፍት መሆኑን የሚያሳየውን ራጅ ጠይቂ። ፔሬድ ካበቃ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ይነሣል።

## ደረጃ 7፦ ሐኪሙ ፊት

ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ወይም የግል ክሊኒክ ብትሄጂ ወረፋው ረጅም፣ ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ ደብተርሽን ክፈቺና በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሪ፦ ዕድሜ፣ ስንት ወር ሞከርን፣ ዑደቴ ስንት ቀን ነው፣ የመጨረሻ መከላከያ፣ የባለቤቴ ውጤት። ከዚያ ወረቀቱን አሳዪና ጠይቂ፦

1. ዶክተር፣ ይህ ቁጥር ለእኔ ዕድሜ እንዴት ነው?
2. እንቁላል በየወሩ እየወጣ ነው?
3. በተፈጥሮ ስንት ወር እንሞክር? ከዚያስ ምን ይሆናል?
4. ሪፈር የሚያስፈልገኝ መቼ ነው?

ሦስተኛውን ያለ መልስ ትተሽ አትውጪ። «ታገሺ» መልስ አይደለም፤ የወር ቁጥር ይሰጥሽ።

አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈልሽ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ከመነሣትሽ በፊት ወረቀቶቹን ሁሉ ፎቶ አንሺና ለባለቤትሽ ላኪለት። ዋናዎቹን በእጅሽ ያዢ። የእሱም ውጤት አብሮ ይሂድ። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ደውለሽ በስንተኛው ቀን እንደሚያዩሽ ጠይቂና ጉዞሽን ከቀን 1 ተነሥተሽ ቁጠሪ።